ላልታ ስለተነበበች አንዲት «ነ»

ለክቡር የተሽከርካሪዎች ምርመራና ምዝገባ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ በጽሕፈት ቤቱ ግቢ ውስጥ «በመንደድ ላይ» ስላለችው መኪናዬ ምስጋና ማቅረብን ይመለከታል

ክቡር ሆይ፤

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬ ካሉበት ይድረስዎ እያልኩ፣ ለራስዎ፣ ለቤተሰብዎና በሥርዎ ላሉት ሠራተኞች ሁሉ የተሟላ ጤና እመኛለሁ። በተለይ ለኩላሊቶችዎ፣ ለቀኙም ለግራውም፣ ረዥም ዕድሜ ይስጥልኝ፤ ምክንያቱም ኩላሊት ሥራ ያቆመ ዕለት ሰው በሳምንት ሦስት ጊዜ ሐኪም ቤት መድረስ ይኖርበታል፣ ሐኪም ቤት ለመድረስ መኪና ያስፈልገዋል፣ መኪናው የእርስዎ ፈቃድ ያስፈልገዋል፣ ለእርስዎ ፈቃድ ደግሞ ጭስ ያስፈልጋል። ይህን ሰንሰለት እኔ ተምሬ የጨረስኩት በቅርቡ ስለሆነ፣ ክቡርነትዎ ሳይማሩት እንዲኖሩ ከልቤ እመኛለሁ።

ይህን ደብዳቤ በአደባባይ የምጽፈው በዝግ ፖስታ ያስገባኋቸው ሦስት ደብዳቤዎች መልስ ስላጡ ነው። ቅር አልተሰኘሁም። ጡረታ የወጣሁ ታይፒስት ነኝና ደብዳቤ ቢሮ ውስጥ ገብቶ እንዴት እንደሚተኛ ከማንም በላይ አውቃለሁ። ሠላሳ አንድ ዓመት ስነዳ የኖርኩት መኪና የጽሕፈት መኪና ብቻ ነበር፤ ያ መኪና ቤንዚን አይጠጣም፣ አያጨስም፣ ሆኖም «ጭስህን አሳይ» ያለው ሰው አልነበረም። ከሠላሳ አንዱ ውስጥ ዐሥራ ዘጠኙን ያሳለፍኩት በእርስዎው ጽሕፈት ቤት፣ ዛሬ አሮጌ ታርጋ በሚከማችባት ጠባብ ክፍል ውስጥ ነው። ስለዚህ ቁጣዬን እንደ ባዕድ ቁጣ ሳይሆን እንደ ቤተሰብ ቁጣ ይቁጠሩልኝ።

ባለቤቴ የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ነበር። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሰው ሲያደርስ ኖሮ፣ ጡረታ በወጣ በሁለተኛው ዓመት ኩላሊቶቹ ደከሙና እሱ ራሱ የሚደርስ ሰው ሆነ፤ ሰኞ፣ ረቡዕና ቅዳሜ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ፣ ከተማውን ከዳር እስከ ዳር አቋርጦ፣ ለኩላሊት እጥበት። መሪ እንዳይዝ ሐኪም ሲከለክለው በሃምሳ ስምንት ዓመቴ መንዳት ያስተማረኝ እሱ ነው፤ ዛሬም ከኋላ ወንበር ላይ ተቀምጦ እግሬን ከፍሬን ላይ እንዳነሳ፣ መስታወት እንድመለከት፣ ከፊቴ ያለውን ሰውዬ እንዳላምነው ያለማቋረጥ ያስተምረኛል። እንግዲህ የማመሰግንዎትን ነገሮች በተራ ቁጥር አስቀምጣለሁ፤ እናንተ ቤት ተራ ቁጥር የሌለው ነገር እንደማይነበብ አውቃለሁና።

፩. በመጀመሪያ ስለ ቤንዚን ዋጋ አመሰግናለሁ። ዋጋውን እርስዎ እንዳልጨመሩት ይገባኛል፤ እርስዎም እንደኛው ከሬዲዮ ነው የሰሙት፣ ልዩነታችን እኛ ዜናውን የሰማነው ማደያ ተሰልፈን መሆኑ ብቻ ነው። በአንድ ዓመት ውስጥ አራት ጊዜ ጨመረ። በመጀመሪያው ጭማሪ የእሁድ ዘመድ ጥየቃችንን ተውን፣ በሁለተኛው እኔ ገበያ በእግሬ መሄድ ጀመርኩ፣ በሦስተኛው መኪናዋ ከሐኪም ቤት በቀር የትም እንዳትሄድ ተፈረደባት፣ አራተኛው ሲመጣ ግን የምንቀንሰው ነገር አልነበረንም፤ ኩላሊትን «በሳምንት ሁለት ቀን ይብቃህ» ማለት አይቻልማ። ሰፈራችንም በሙሉ የፈጠራ ሰው ሆነ። ዳቦ አከፋፋዩ ሚኒባሱን ሸራ አልብሶ በብስክሌት ማደል ጀመረ። አናጢው ጎረቤታችን ፒክአፑን ከምግብ ቤቶች በለቀመው ያገለገለ ዘይት አስኬደዋለሁ ብሎ፣ መንገዱ ሁሉ ለአንድ ወር የተጠበሰ ድንች ሲሸት ሰነበተ።

ከአምስት ወር በፊት ግን አንድ ረቡዕ መጣ። መኪናዋ ባዶ ስለነበረች ማለዳ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ባለቤቴን በብርድ ልብስ ጠቅልዬ ከኋላ አስቀመጥኩና ማደያ ተሰለፍኩ፤ ቀድተን በዚያው ወደ ሐኪም ቤት እናልፋለን ብዬ ነበር። ሦስት ሰዓት አለፈ፣ አምስት ሰዓት አለፈ። ሰልፉ ፈቀቅ ባለ ቁጥር ሞተር ማስነሳት ያለችውን ጠብታ ይጨርሳል ብሎ ባለቤቴ ስለከለከለኝ፣ ከኋላችን የነበረ ደግ ሰው እየገፋን፣ እኔ መሪ ይዤ፣ በግፊት ስምንት ሰዓት ላይ መቅጃው አጠገብ ደረስን። ከፊታችን ሁለት መኪና ብቻ ሲቀር ቀጂው ቱቦውን ሰቀለና ባዶ እጁን ዘርግቶ አሳየን። በዚያው ቀን ማምሻውን ባለቤቴ መተንፈስ አቅቶት በአናጢው ጀርባ ላይ ሆኖ ነው ድንገተኛ ክፍል የገባው፤ ሳንባው ውኃ ቋጥሮ ነበር። የተረፈው በዕድል ነው። ይህን የማነሳው አንጀትዎን ለመብላት ሳይሆን ቀጥሎ ያደረግነውን ለምን እንዳደረግን እንዲረዱልን ብዬ ነው።

በዚያው ሰሞን በጽሕፈት ቤትዎ አጥር ላይ የሁለት ሰው ቁመት ያለው ማስታወቂያ ተሰቀለ፤ «ከቤንዚን ጥገኝነት ተላቀን ወደ አማራጭ ኃይል እንሻገር» ይላል፣ ከሥሩም አንዲት መኪና በጎማ ፋንታ በአራት አረንጓዴ ቅጠሎች ላይ ቆማለች። እኛ የዋህ ሰዎች ነንና አመንናችሁ።

ታናሽ ወንድሜ፣ የሰፈር ሰው «ሽቦ» የሚለው፣ በአንድ ትልቅ መጋዘን ውስጥ በባትሪ የሚሠሩትን ዕቃ ማንሻ ፎርክሊፍቶች ይጠግናል። ከሥራ ውጪ ከሆነ ፎርክሊፍት ላይ ሞተሩን አስፈቅዶ ወሰደ፤ የእኛን የቤንዚን ሞተር ከነታንከሩና ከነጭስ ማውጫው አወረደ፤ ባትሪዎቹን ከኋላ ዕቃ መጫኛው ውስጥ በብረት ሳጥን አሰራቸው፤ አንድ ነገር ቢፈጠር ኤሌክትሪኩን የሚቆርጡ ማቋረጫዎችን ሦስት ቦታ አደረገ። ስድስት ሳምንት ፈጀበት፤ እስከዚያው በኪራይም በልመናም ተመላለስን። የመጀመሪያው ቀን ከግቢያችን በር ወጥተን፣ መንገድ ይዘን፣ ሁለት ቤት አልፈን ሳለ ባለቤቴ ከኋላ ሆኖ «ምን ትጠብቂያለሽ፣ አስነሺው እንጂ» አለኝ። ሠላሳ ዓመት ሞተር በጆሮው ሲያዳምጥ የኖረ ሰው መሄዳችንን አላወቀም። እየሄድን መሆናችንን በመስኮት አይቶ ሲያረጋግጥ እንደ ልጅ ሳቀ፣ እኔም ያን ሳቅ ከሰማሁ ዓመት አልፎኝ ነበርና መንገዱ በእንባ ተደበቀብኝ። ከዚያ በኋላ ዐሥራ አንድ ሳምንት፣ በሳምንት ሦስት ቀን፣ አንድም ጊዜ ሳንሰለፍ፣ አንድም ጊዜ ሳናረፍድ ተመላለስን።

፪. በሁለተኛ ደረጃ ስለ ጭሱ አመሰግናለሁ። ዓመታዊው የቴክኒክ ምርመራ ቀን ሲደርስ፣ ሕግ አክባሪ ሆኜ፣ መኪናዬን አጥቤ ይዤ ቀረብኩ። ፍሬኗ አለፈ፣ መብራቷ አለፈ፣ ጎማና መሪዋ አለፉ። ወጣቱ መርማሪ የጭስ መለኪያውን ይዞ ከኋላ ተንበረከከና ማውጫውን ፈልጎ ሲያጣ፣ ከሥሯ ተኝቶ ፈለገ፣ ተነስቶ በፊት በኩልም ፈለገ። ነገሩን ሳስረዳው ደስ አለው፤ ባልደረቦቹን ጠራ፣ ሁሉም ተሰብስበው አደነቁልን፣ የወንድሜንም ስልክ ተቀበሉ። ከዚያ ሁሉም ወደየቦታው ሲመለስ መርማሪው ወረቀቱን ትክ ብሎ አየና፣ «የጭስ መጠን» በሚለው ቦታ ላይ ቁጥር መግባት እንዳለበት፣ ዜሮ ደግሞ ቁጥር ተብሎ እንደማይገባ፣ ምክንያቱም ኮምፒዩተሩ ዜሮን የሚረዳው «አልተመረመረም» ብሎ እንደሆነ ነገረኝ። ልጁ ጨዋ ነው፣ ከልቡ አዝኖ ነበር። «እማማ፣ መኪናዋ በጣም ጥሩ ናት፤ ትንሽ ብቻ ብታጨስልኝ» አለኝ።

ክቡር ሆይ፣ ሞከርን። ወንድሜ ያወረደውን የጭስ ማውጫ መልሶ ከመኪናዋ ሆድ ሥር በየደው፤ ከየትም የማይመጣ፣ ወደ የትም የማይሄድ ቧንቧ። በማግሥቱ መለኪያው ገባበት፣ ዜሮ አለ። መሣሪያው ተበላሽቷል ተባለና መስመሩ ተዘግቶ፣ ከኋላዬ የነበሩ አርባ የሚሆኑ መኪኖች ወደ ቤታቸው ተመለሱ፤ ባለመኪኖቹ ያወረዱብኝን ስድብ እዚህ አልጽፈውም፣ በጽሕፈት መኪና ዘመኔም ቢሆን አልመታውም ነበር። በሦስተኛው ቀን ጠጋኝ መጥቶ መሣሪያውን በጽሕፈት ቤቱ በራሱ የጭነት መኪና ላይ ሞከረው። ግቢው በሙሉ ጨለመ፣ ሰው ሁሉ አፉን ይዞ ወደ አጥር ሮጠ፣ መሣሪያው ደኅና መሆኑም ተረጋገጠ። የጭነት መኪናው ቁጥር ስላለው አለፈ። በዚያ ሁሉ ጭስ መሃል የወደቀችው የእኔዋ ብቻ ነበረች።

፫. በሦስተኛ ደረጃ ስለ ቅጹ አመሰግናለሁ፣ እዚህ ላይ ግን የምስጋናው ግማሽ ለራሴ ይሆናል። መርማሪው ከዚያ ወዲያ ያለው አማራጭ የለውጥ ማመልከቻ ቅጽ ሞልቼ ለኮሚቴ ማቅረብ ብቻ መሆኑን ነግሮ ቅጹን ሰጠኝ። «የነዳጅ ዓይነት» ይላል፣ ከጎኑ ሁለት ሣጥን አለ፣ አንዱ ቤንዚን፣ ሌላው ናፍጣ። ዓይኔ ቅጹ ላይ እንዳረፈ እጄ አወቀው። ያ ቅጽ የእኔ ሥራ ነው፤ ከሃያ አራት ዓመት በፊት የመታሁት እኔ ነኝ። በረቂቁ ላይ ሦስት ሣጥን ነበረው፣ ቤንዚን፣ ናፍጣ፣ ሌላ። መስመሩ ከገጹ ጠርዝ አልፎ አስቸገረኝና የዚያን ጊዜው አለቃችንን ብጠይቃቸው፣ ሌላ የሚባል ነዳጅ የት አለና ነው፣ አውጪው አሉኝ። አወጣሁት። ገጹ ሲያምርልኝም ደስ ብሎኝ ወደ ቤቴ ሄድኩ። ሁለት ፊደል ነበረች፤ ባለቤቴ ዛሬ እግሩ አብጦ የተቀመጠው በእነዚያ ሁለት ፊደላት ምክንያት ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

እንግዲህ ምልክት የማደርግበት ሣጥን ስላጣሁ በሁለቱ መካከል ባለችው ክፍት ቦታ ላይ፣ በዚያ ሲመሰገን በኖረው የእጅ ጽሑፌ፣ «ነዳጅ የለውም፤ በባትሪ ይነዳል» ብዬ ጻፍኩ። አራት ፊደል፣ ይነዳል። እኔ «ነ»ን አጥብቄ ነው የጻፍኩት፤ እርግጥ ነው በወረቀት ላይ መጥበቋ አይታይም፣ ግን ስጽፋት ጥርሴን ነክሼ ነበር። የተከበረው ኮሚቴ አላልቶ አነበባት።

የሆነውን ለማያውቅ አንባቢ ላስረዳ። «ነ» ስትጠብቅ መኪናዋ የምትነዳ ናት፣ መሪዋን ሰው ይይዛል፣ መንገድ ትሄዳለች ማለት ነው። «ነ» ስትላላ መኪናዋ የምትነድ ናት፣ ትቃጠላለች ማለት ነው። ከአንድ ሳምንት በኋላ የደረሰኝ ደብዳቤ፣ ቃል በቃል፣ ይህን ይላል፦ «አመልካቿ ተሽከርካሪው በባትሪ ምክንያት የሚነድ መሆኑን በገዛ እጅ ጽሑፋቸው ያረጋገጡ ስለሆነ፣ ለሕዝብ ደኅንነት ሲባል ተሽከርካሪው በጽሕፈት ቤቱ ግቢ ተይዞ እንዲቆይ ኮሚቴው በሙሉ ድምፅ ወስኗል።» በሙሉ ድምፅ፣ ክቡር ሆይ። ሰባት ሰው አንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጦ፣ አንዲት አሮጊት «መኪናዬ ትቃጠላለችና ፈቃድ ስጡልኝ» ብላ በእጇ ጽፋ ታመጣለች ብሎ ሲያምን፣ አንድ ሰው እንኳ «ኧረ ቆይ» አላለም። የምትቃጠለውን መኪና ደግሞ ለደኅንነት ሲባል ያቆማችኋት ከሰነድ ክፍሉ መስኮት ሥር ነው።

ላስረዳ መጣሁ። የኮሚቴው ጸሐፊ ቃሏን ደጋግሞ አነበባት፣ በመጀመሪያ አላልቶ፣ ቀጥሎ አጥብቆ፣ ፈገግም አለ። ሆኖም ውሳኔ የሚሰጠው በተጻፈው ላይ እንጂ በሚነበበው ላይ እንዳልሆነ፣ የጻፍኩት ደግሞ መዝገብ ውስጥ ስለገባ ልሰርዘው እንደማልችል፣ ኮሚቴው በሚቀጥለው ወር ሲሰበሰብ «የቃል አጠባበቅ ማስተካከያ» በሚል አዲስ ማመልከቻ ማቅረብ እንደምችል አስረዳኝ። ሠላሳ አንድ ዓመት የሌሎችን ደብዳቤ ሳርም የኖርኩ ሴት ነኝ። «ይንቀሳቀሳል» ብዬ ብጽፍ ኖሮ ነገሩ ሁሉ ባልመጣ ነበር። ይህ የእኔ ጥፋት ነው፣ ሌሊትም ቀንም አይወጣልኝም፣ እርስዎም ይህን ጥፋት ይዘው ቢከሱኝ አልከራከርም።

፬. (ይህ ቦታ ለጽሕፈት ቤቱ አገልግሎት ብቻ የተተወ ነው። አመልካች አይጽፍበትም።)

፭. በመጨረሻም ስለ ትናንቱ ረቡዕ አመሰግናለሁ። መኪናዬ ከተያዘች ዛሬ ሁለት ሳምንት ሞላት። በእነዚህ ሁለት ሳምንታት ባለቤቴን እንዴት እንዳደረስኩት ለጠየቀኝ ሁሉ የምመልሰው በሰው ጫንቃ እያልኩ ነው። ሁለት ጊዜ አናጢው በዚያ ድንች ድንች በሚሸት ፒክአፑ አደረሰን፤ በሦስተኛው ዘይቱ ቧንቧው ውስጥ ረግቶ መኪናው መንገድ ላይ ቆመበት፣ ሰውየው ከእኛ የባሰ አፈረ። ታክሲዎቹ ያን ያህል መንገድ ለመሄድ ቤንዚን የለንም ይላሉ፣ እውነታቸውን ነው። አምቡላንስ ደወልኩ፤ በትህትና ያነጋገረችኝ ሴት፣ እነሱ የሚያነሱት የወደቀ ሰው እንጂ ቀጠሮ ያለው ሰው እንዳልሆነ ነገረችኝ። ሲወድቅ ደውይልኝ ማለቷ ነው፤ መቼም ጨካኝ ሆና አይደለም፣ እሷም ያላት ቤንዚን የተመጠነ ነው።

ትናንት ጠዋት ባለቤቴ እንደ ልማዱ ከእኔ ቀድሞ ለበሰ። ካፖርቱን ደረበ፣ ጫማው ግን እግሩ ስላበጠ እምቢ አለው፣ እኔም ተንበርክኬ ስታገል ቆይቼ ትቼ ነጠላ ጫማ አደረግኩለት። ከዚያ በሩ አጠገብ ባለችው ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ ሁለት እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ፣ «ዛሬስ ማን ይነዳል?» አለኝ።

ይህችም ያቺው ቃል ናት፣ ክቡር ሆይ፣ በአራቱ ፊደሏ። «ነ»ም ላልታ፣ «ዳ»ም ላልታ፣ ሦስተኛ ትርጉም ይዛ መጣች። መሪውን የሚይዘው ማን ነው ማለቱ ነበር። እስከ አምስት ሰዓት ድረስ ከወንበሩ አልተነሳም፤ አምስት ሰዓት ሲሞላ ካፖርቱን ራሱ አወለቀና ራሱ ሰቀለው። ሐኪም ቤት ያለችው ነርስ በስልክ ቁርጡን ነግራኛለች። አንድ ቀን ቢዘል ሰውነቱ ሊሸከመው ይችላል፣ ሁለት ተከታታይ ቀን ቢዘል ግን እኔን አትጠይቂኝ ነው ያለችው። ትናንት አንዱን ዘለለ። ሁለተኛው ከነገ ወዲያ ነው፣ ቅዳሜ።

እንግዲህ ክቡርነትዎን የምለምነው ቤንዚን እንዲያረክሱልኝ አይደለም፣ ያ ከአቅምዎ በላይ ነው። የጭስ መለኪያውም ዜሮን እንዲማር አይደለም፣ ያም ጊዜ ይወስዳል። አንዲት ፊደል አጥብቀው እንዲያነቡልኝ ብቻ ነው። ቢሮዎ ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ሲያሠራኝ መጥበቅና መላላት የሚያሳይ ነጥብ ያለው የጽሕፈት መኪና አንድም ቀን ሰጥቶኝ አያውቅም፣ እኔም ጠይቄ አላውቅም፤ ያኔ ማን እንደሚሞትበት አላወቅንም ነበርና።

ለሰጡን የትዕግሥት ትምህርት፣ ለሕዝብ ደኅንነት ሲሉ በባለቤቴ ሳንባ ላይ ለወሰዱት ጥንቃቄ፣ እንዲሁም ያን የሚያምር የቅጠል ማስታወቂያ ዝናብ ሲያበላሸው በየጊዜው በአዲስ ስለሚቀይሩልን ወሰን የሌለው አክብሮቴን እየገለጽኩ፣ ወንበርዎ እንዲጸና፣ ፊርማዎ እንዲያምር፣ ከቢሮዎ እስከ ቤትዎ ያለው መንገድም ሁልጊዜ የቀና እንዲሆንልዎ የምመኝ፣

ታዛዥዎ፣
በቅጽዎ ላይ «ሌላ»ን ያጠፋችው ጡረተኛ ታይፒስት

ግልባጭ፦
ለጭስ መለኪያ መሣሪያው (ዜሮ መሆኑን እንዲያውቅ)
ለኩላሊት እጥበት ክፍል (አልጋውን ለሌላ እንዳይሰጡብን)
ለወንድሜ ለሽቦ (ቧንቧውን መልሰህ ቁረጠው)

ድኅረ ጽሑፍ፦ ከላይ ተራ ቁጥር አራትን ለጽሕፈት ቤቱ ትቼ ነበር፤ ሥራ እንደሚበዛባችሁ ስለማውቅ ግን እኔው ልሙላው። ከትናንት ወዲያ ማክሰኞ የባለቤቴን የሐኪም ቤት ካርድ መኪናዋ ውስጥ ረስቼው ስለነበር ልወስድ ወደ ግቢዎ ገባሁ። ማንም የነገረኝ ነገር የለም፣ ጥበቃውን እንዳይቆጡብኝ፤ የነገረኝ መቀመጫው ነው። እኔ አጭር ሴት ስለሆንኩ የሹፌሩ መቀመጫ ወደ መሪው ተጠግቶ ነው የሚቆመው፤ ማክሰኞ ግን እስከ መጨረሻው ወደ ኋላ ተገፍቶ አገኘሁት፣ መስታወቱም ወደ ላይ ተቃንቷል፣ የፊተኛው ወንበር ላይ የዳቦ ፍርፋሪ አለ። የአውቶቡስ ሹፌር ሚስት ነኝና ኪሎ ሜትር ሳልጽፍ ከመኪና ወርጄ አላውቅም፤ ያስረከብኳት ዕለት ቆጣሪው 48,217 ይል ነበር፣ ማክሰኞ 48,302 ይላል። ከመኪናዋ አፍ የወጣ የኤሌክትሪክ ገመድ ደግሞ ግቢውን አቋርጦ፣ ግድግዳውን ወጥቶ፣ በክቡርነትዎ ቢሮ መስኮት ይገባል። ቻርጅ ስላደረጉልኝ ከልብ አመሰግናለሁ፣ ባትሪ ባዶ ከቆየ ይሞታል። የመሥሪያ ቤቱ መኪኖች ቤንዚን አጥተው ግቢው ውስጥ ተደርድረው አይቻለሁና ችግርዎ ይገባኛል፤ አዳራሹ ውስጥ በተሰቀለው የሠራተኞች ፎቶግራፍ ላይም ከሁሉም ረዥሙ ሰው እርስዎ እንደሆኑ አስተውያለሁ። ስለዚህ በእኔ እጅ ስትሆን የምትላላዋ «ነ» በእርስዎ እጅ ስትገባ እንደምትጠብቅ ተረድቼ፣ ማመልከቻዬን በሙሉ ትቼዋለሁ። መኪናዋንም አልጠይቅም። ቅዳሜ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ ባለቤቴ ካፖርቱን ደርቦ፣ በነጠላ ጫማ፣ በሩ አጠገብ ባለችው ወንበር ላይ ይቀመጣል። ማን ይነዳል ብሎ መጠየቁ አይቀርም። ኃላፊው እለዋለሁ።